ብራህማፑትራን በመርከብ፦ የአሳም የወንዝ ጉዞዎን ደረጃ በደረጃ እንዴት ያቅዳሉ?

ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለንግድ ህንድን የረገጠ ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። አብዛኛው ግን ዴልሂን፣ ሙምባይን ወይም ቤንጋሉሩን አይቶ ይመለሳል። በሰሜን ምሥራቁ ጥግ፣ ከቡታን ግርጌ የተዘረጋችውን የአሳም ግዛት ያየ ጥቂት ነው። እኔ ግን የህንድን የዱር እንስሳት፣ የገጠር ኑሮና ጥንታዊ ቅርስ በአንድ ጉዞ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከአሳም የተሻለ ቦታ አልጠቁምም፤ ሦስቱንም በአንድ መስመር የሚያገናኝ የብራህማፑትራ ወንዝ አላትና።

ብራህማፑትራ ከቲቤት ተነሥቶ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሂማላያን በምሥራቅ ጫፉ ዞሮ ወደ ህንድ ይገባል፤ አሳምን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆም ወደ ባንግላዴሽ ይወርዳል። የህንድ መንግሥት ከሳዲያ እስከ ዱብሪ ያለውን 891 ኪሎ ሜትር እ.ኤ.አ. በ1988 ብሔራዊ የውኃ መንገድ ቁጥር 2 ብሎ ሰይሞታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በዚሁ መስመር መኝታና ምግብ ያላቸው የጎብኚ መርከቦች ይመላለሳሉ።

ዕቅድ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። በዚህ ጉዞ አዛዡ ወንዙ ነው። ብራህማፑትራ በየዓመቱ በጎርፍ ይሞላል፤ ጎርፉ ሲጎድል የአሸዋ ደሴቶቹ ቦታ ቀይረው ይገኛሉ፤ አምና መርከብ ያለፈበት ዘንድሮ ደረቅ መሬት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርከቡን ከመምረጥዎ በፊት ወንዙን ይወቁ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ቅደም ተከተላቸው የተያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

1. መጀመሪያ ወሩን ይምረጡ

የመርከብ ጉዞው ወቅት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። የዝናቡ ወቅት ከገባ ወንዙ ይሞላል፣ የካዚራንጋ ብሔራዊ ፓርክም ለጎብኚ ይዘጋል። በወቅቱ ውስጥ ያሉት ወራት ግን ሁሉም አንድ አይደሉም፤ ምርጫዎ ማየት በሚፈልጉት ነገር ይወሰናል።

በኅዳር ውኃው ገና ጥልቅ በመሆኑ መርከቡ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በወንዙ ላይ ባለችው በማጁሊ ደሴት ራስ የተባለው በዓል የሚከበረው በዚህ ጊዜ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው። ደሴቱ በሙሉ የቲያትር መድረክ ይሆናል። ጉድለቱ ካዚራንጋ ውስጥ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ እንስሳቱን መሸፈኑ ነው።

በታኅሣሥና በጥር ከሩቅ አገር የሚፈልሱ ወፎች በወንዙና በረግረጉ ላይ ይሰፍራሉ። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ስለሚበረታ መርከቡ ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል። በጥር አጋማሽ የመከር በዓሉ ማግ ቢሁ ይከበራል፤ ገጠሬው ደመራ ደምሮ ሌሊቱን ያሳልፍና ማለዳ ያቀጣጥለዋል።

በየካቲትና በመጋቢት በፓርኩ ውስጥ ሣሩ ተቃጥሎ አዲሱ ገና አጭር ስለሚሆን አውራሪሱም ዝሆኑም ከሩቅ ይታያል። በየካቲት አጋማሽ የሚሲንግ ብሔረሰብ የዘር መዝሪያ በዓሉን፣ አሊ አዬ ሊጋንግን ያከብራል። በአንጻሩ ወንዙ በጣም ይጎድላል፤ መርከቡ ከአንዳንድ ወደቦች ርቆ ለመቆም ይገደዳል።

የሻይ ቅጠል ለቀማ ማየት ከፈለጉ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ይተዉት። ያኔ ተክሉ ይገረዛል እንጂ አይለቀምም። በጥቅምት፣ በኅዳር ወይም ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ቢሄዱ ለቃሚዎቹን ሥራ ላይ ያገኛሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ምክሬ የካቲት ነው፤ እንስሳቱም መንደሩም በደንብ የሚታዩበት ወር እሱ ነው።

2. ከዚያ የወንዙን ክፍል ይምረጡ

አሳምን የሚያቋርጠውን ወንዝ በሦስት ከፍለው ይመልከቱት።

የታችኛው ክፍል መነሻው ትልቁ ከተማ ጉዋሃቲ ነው። በኒላቻል ኮረብታ ላይ ያለው የካማክያ ቤተ መቅደስ፣ በወንዙ መካከል በምትገኝ ትንሽ ደሴት ላይ የቆመው ኡማናንዳ፣ ሂንዱውም ሙስሊሙም ቡድሂስቱም የሚሳለምባት ሃጆ፣ ሐር ሸማኔዎች የሚኖሩባት ሱዋልኩቺ በዚህ ዙሪያ ናቸው። ሱዋልኩቺን እንዳይዘሉ። ሙጋ የተባለው ሐር ቀለም ሳይነካው በተፈጥሮው ወርቃማ ነው፤ የአሳም መለያም ነው።

መካከለኛው ክፍል የጉዞው ልብ ነው። በደቡቡ ዳርቻ ካዚራንጋ አለ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ማጁሊ ደሴት። ጊዜዎ አጭር ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው ይህንን ይያዙ።

የላይኛው ክፍል ከኒማቲ ወደብ እስከ ዲብሩጋር ይደርሳል። የሻይ እርሻው እዚህ ነው፤ የአሆም ነገሥታት ዋና ከተማ የነበረችው ሲቭሳጋርም እንዲሁ። አሆሞች ከ1228 ጀምሮ ወደ 600 ዓመት ገደማ አሳምን ገዝተዋል። በቻራይዴኦ ያሉት ጉብታ መሳይ የነገሥታት መቃብሮቻቸው በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። በሲቭሳጋር ያለው የንጉሡ የጨዋታ መመልከቻ፣ ራንግ ጋር፣ ጣሪያው የተሠራው በተገለበጠ ጀልባ ቅርጽ ነው። ወንዙ በነገሥታቱ አእምሮ ውስጥ የነበረውን ቦታ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

በመርከብ አራት ሌሊት ያለው ሰው ጉዋሃቲንና ካዚራንጋን ያያል። ሰባት ሌሊት ያለው ማጁሊን ይጨምራል። ሲቭሳጋርንና ዲብሩጋርን ያካተተ ሙሉ ጉዞ አሥር ሌሊት ገደማ ይጠይቃል። እኔ ሰባቱን እመርጣለሁ፤ በአራት ሌሊት ማጁሊን ሳያዩ መመለስ ይቆጫል።

3. ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ

መርከቦቹ አነስተኛ ናቸው፤ ክፍሎቻቸው ውስን በመሆናቸው ለየካቲት ጉዞ ከወራት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። ለድርጅቱ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ ያስመልሱ፦

– ውኃው ከጎደለና መርከቡ የታሰበው ቦታ መድረስ ካልቻለ በምን ይተካል? በመኪና ይወስዱናል ወይስ ጉብኝቱ ይቀራል?
– የፓርክ መግቢያ፣ የጂፕ፣ የካሜራና የአስጎብኚ ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ?
– ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ መርከቡ ማን ያደርሰናል? ሲያበቃስ?
– ጉዞው ወደ ላይ ነው ወደ ታች? መርከብ ሽቅብ ሲሄድ ይዘገያል፤ ቁልቁል ሲወርድ ለመንደር ጉብኝት የሚተርፍ ሰዓት ይበዛል።
– ብቻዬን ክፍል ከያዝኩ ጭማሪው ስንት ነው?
– ደረጃ መውጣት ለሚከብደው ሰው መንገድ አለ? አብዛኛው ማረፊያ ወደብ ሳይሆን የአሸዋ ዳርቻ ነው፤ የሚወረደው በሳንቃ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በግልጽ የማይመልስ ድርጅት ወንዙን አያውቀውም ማለት ነው። እሱን ይተዉት።

4. ሰነድና ጤናን አስቀድመው ይጨርሱ

ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂና ወደ ሙምባይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል። ከዴልሂ እስከ ጉዋሃቲ ያለው በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወደ ዲብሩጋርም የአገር ውስጥ በረራ አለ። መርከቡ ከሚነሣበት ቀን ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ጉዋሃቲ ይግቡ፤ በታኅሣሥና በጥር ጭጋግ የዴልሂን በረራዎች ብዙ ጊዜ ያዘገያል።

ቪዛውን በያዙት ፓስፖርት መሠረት ከህንድ ኤምባሲ ወይም ከመንግሥቱ የቪዛ ድረ ገጽ ያጣሩ። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው አካሄዱ አንድ ላይሆን ይችላል። አሳም ለመግባት ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ወደ ጎረቤቷ አሩናቻል ፕራዴሽ ለመሻገር ግን ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቢጫ ወባ የክትባት ካርድን ነው። ህንድ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምታስቀምጥ ካርዱን ትጠይቃለች። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ካርድ የሌለው መንገደኛ እስከ ስድስት ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ውጭ አገር የሚኖሩና አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቀው ወደ ህንድ የሚያልፉ ወገኖችም ይህ ይመለከታቸዋል።

በአሳም ወባ ስላለ ስለ መከላከያው መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። የጉዞ ዋስትና ሲገዙም ከገጠር ወደ ከተማ ሆስፒታል ማመላለስን እንደሚሸፍን ያረጋግጡ።

5. ሻንጣዎን ለወንዝ ያዘጋጁ

ቀን ሙቀት፣ ጠዋትና ማታ ብርድ ነው። በጂፕ ማለዳ ሲወጡ ንፋሱ ያንቀጠቅጣል፤ ስለዚህ ተደራራቢ ልብስ፣ ሹራብና ኮፍያ ይያዙ። ለፓርኩ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ልብስ ይምረጡ፤ ቀይና ነጭ እንስሳቱን ያስበረግጋል። በማጁሊ ላሉት ገዳማት ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያስፈልጋል። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከሌለዎት ይዋሱ። ያለ እሱ የወንዙ ግማሽ ውበት ያመልጥዎታል።

ድሮንና የሳተላይት ስልክ ይዘው እንዳይሄዱ፤ ያለ ፈቃድ ህንድ ውስጥ ማስገባት ችግር ላይ ይጥላል። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ከ2019 ጀምሮ ተከልክሏል። የህንድ ሩፒ ከውጭ ይዞ መግባትም ገደብ አለው፤ ዶላር ወይም ዩሮ ይዘው እዚያው ይመንዝሩ። መንደር ውስጥ ካርድ ስለማይሠራ ዝርዝር ሩፒ አይጥፋዎት።

6. በመርከቡ ላይ ዓይንዎን ከውኃው አይንቀሉ

ህንድ በሙሉ የምትጠቀመው አንድ ሰዓት ነው፤ አሳም ደግሞ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ናት። በዚህ የተነሣ በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። መርከቡ በጨለማ አይሄድም። ቀኑ ቶሎ ስለሚያልቅ ማልደው ይነሡ።

ሲመሽ መርከቡ ሰው በሌለበት የአሸዋ ዳርቻ አፍንጫውን ያሳርፋል። መርከበኞቹ ወርደው ችንካር በመዶሻ አሸዋው ውስጥ ይቀብራሉ፣ ገመዱን ያስራሉ፣ ሳንቃውን ይዘረጋሉ። የአገሬው ሰው እንዲህ ያለውን የአሸዋ ደሴት ቻፖሪ ይለዋል። ጎርፍ ያመጣው ለም ደለል ስለሆነ ገበሬዎች በበጋ ሰናፍጭና አትክልት ይዘሩበታል፣ ከብት ያሰማሩበታል፤ ክረምት ሲመጣ ለወንዙ ለቀው ይሄዳሉ።

በቀን ጉዞ ላይ ገባር ወንዝ የሚቀላቀልበትን ቦታ አስጎብኚዎን ጠይቀው በዚያ ሰዓት ከላይኛው ወለል ላይ ይሁኑ። የወንዝ ዶልፊን የሚያዘወትረው ዓሣ የሚበዛበትን የሁለት ውኃ መገናኛ ነው። ይህ እንስሳ ዓይኑ ከሞላ ጎደል አያይም፤ የሚያድነው ድምፅ ለቆ ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። ለመተንፈስ ብቅ ሲል መጀመሪያ ቀጭንና ረጅም አፉ፣ ቀጥሎ ግራጫ ጀርባው ይታያል፤ ከዚያ ወዲያው ይሰወራል። ፎቶ ለማንሣት ከታገሉ አያዩትም። ካሜራውን አስቀምጠው የወጣበትን አካባቢ ዝም ብለው ይመልከቱ፤ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይወጣል።

7. በካዚራንጋ ትዕግሥት ይያዙ

መርከቦች ብዙ ጊዜ በሲልጋት ወደብ ይቆሙና ጎብኚውን በመኪና ወደ ፓርኩ ይወስዳሉ። ካዚራንጋ በ1908 የተከለለ ደን፣ በ1974 ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1985 የዓለም ቅርስ ሆነ። ከመቶ ዓመት በፊት በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት ባለ አንድ ቀንድ አውራሪሶች በ2022 ቆጠራ 2,613 ደርሰዋል፤ በዓለም ካሉት አብዛኞቹ እዚህ ናቸው። በ2021 የአሳም መንግሥት በመጋዘን ያከማቸውን 2,479 የአውራሪስ ቀንድ በአደባባይ አቃጥሏል። ቀንዱ መድኃኒት አይደለም፣ ዋጋ ያለው እንስሳው ላይ ሲሆን ብቻ ነው የሚል መልእክት ነበር።

ፓርኩ በቀጣናዎች የተከፈለ ነው። የመካከሉ ኮሆራና የምዕራቡ ባጎሪ አውራሪስ በብዛት የሚታይባቸው ናቸው፤ የምሥራቁ አጎራቶሊ ለወፍ ተመልካች ይመረጣል። ከተቻለ ሁለት ዙር፣ አንዱን ማለዳ፣ አንዱን ከሰዓት በኋላ፣ በተለያየ ቀጣና ያድርጉ። በዝሆን ጀርባ መውጣትም ይቀርብልዎታል፤ የእኔ ምክር ጂፑን እንዲይዙ ነው፤ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ እንስሳም አይጫንም።

ከጂፕ አይውረዱ፣ አይጩኹ፣ ሽቶ አይቀቡ። ሾፌሩ ጠጋ እንዲል በጉርሻ አያባብሉ፤ አውራሪስ ከባድ ቢመስልም ሲሮጥ አይቻልም። የቤንጋል ነብርን ላያዩ ይችላሉ፤ ዱካውን በጭቃው ላይ ቢያገኙ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የዱር ጎሹን፣ ረግረግ አጋዘኑንና የዝሆኑን መንጋ ግን ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው አያጣቸውም።

8. ማጁሊንና መንደሮቹን እንደ እንግዳ ይግቡ

ማጁሊ በዓለም ካሉት የወንዝ ደሴቶች ትልቋ ትባላለች። ሆኖም በየዓመቱ እየተሸረፈች ነው፤ ከ1950ው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ብሎ ዳርቻውን ይበላል፣ ከቀድሞ ስፋቷም ከግማሽ በላይ አጥታለች። ቤቱ ወንዝ ገብቶበት ሁለት ሦስት ጊዜ የተሰደደ ቤተሰብ በየመንደሩ አለ። ይህን አውቀው ይሂዱ፤ የሚያዩት ሁሉ ትርጉሙ ይጨምራል።

በደሴቲቱ ያሉት ሳትራ የሚባሉ ገዳማት መሠረታቸው የ15ኛውና የ16ኛው መቶ ዘመን መምህር ሽሪማንታ ሻንካርዴቭ ትምህርት ነው። መነኮሳቱ የሚያመልኩት በዝማሬ፣ በከበሮና በውዝዋዜ ነው። ሳትሪያ የተባለው ውዝዋዜያቸው በ2000 ከህንድ ክላሲካል ዳንሶች ተርታ ገብቷል። ኦኒያቲን ወይም ካማላባሪን ይጎብኙ። ጫማ ከበር ይውለቅ፣ ወደ መቅደሱ ውስጥ ያለ ግብዣ አይዘለቅ፣ ጸሎት ላይ ፎቶ አይነሣ፤ ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ሥርዓት አይደለም።

ሳማጉሪ በተባለው ገዳም ደግሞ ጭንብል ሲሠራ ቁጭ ብለው ይዩ። ባለሙያው ቀርከሃ ሰንጥቆ የፊቱን አጽም ይጎነጉናል፤ በላዩ ሸክላ ጭቃ የተነከረ ጨርቅ ይለብጣል፤ ሲደርቅ ጭቃና እበት ለውሶ አፍንጫውን፣ ቅንድቡንና ጥርሱን ያወጣል፤ በቀርከሃ ሞርዶ አለስልሶ ቀለም ይቀባዋል። አንዳንዱ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል፤ ለባሹ ሲናገር አብሮ ይናገራል። ጭንብሉን የሚለብሱት ከጥንቱ የሂንዱ ተረኮች የራማያናንና የማሃባራታን ታሪክ በሚያሳዩበት ጨዋታ ነው።

በሳልሞራ መንደር ሴቶች ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ሸክላ ይሠራሉ። ሚሲንጎች በእንጨት ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ ቤት ይኖራሉ፤ ከሥሩ የሽመና ዕቃ ተተክሎ ያገኛሉ። ወደ ቤት ሲጋብዙዎት ከሩዝ የተጠመቀ መጠጥ፣ አፖንግ፣ ሊቀርብ ይችላል፤ ባይጠጡ እንኳ በሁለት እጅ ተቀብለው ያመስግኑ። ጋሞሳ የተባለውን ቀይ ጥለት ያለው፣ ነጠላ የመሰለ ነጭ ጨርቅ አንገትዎ ላይ ካደረጉልዎ ትልቅ አክብሮት ነውና ወዲያው አያውልቁት።

ለልጆች ገንዘብና ከረሜላ አይበትኑ፤ ልመናን ያስተምራል። መርዳት ከፈለጉ ከሸማኔዋ ጨርቅ፣ ከጭንብል ሠሪው ጭንብል ይግዙ፤ ዋጋውንም እስኪያንገበግብ አይከራከሩ።

9. ጾመኛ ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ

የጉዞው ወቅት ከጾመ ነቢያትና ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ህንድ ለጾመኛ የተመቸች አገር ናት ቢባልም አንድ ወጥመድ አለ፦ እዚያ «ቬጅ» ማለት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ማለት እንጂ ወተት የሌለበት ማለት አይደለም። ቅቤ፣ እርጎና ፓኒር የተባለው አይብ በብዙው ወጥ ውስጥ አለ። ስለዚህ ቦታ ሲይዙ «ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎና አይብም አልበላም» ብለው በጽሑፍ ያሳውቁ። የአሳም ማዕድ በሩዝ፣ በምስር፣ በጎመንና በሰናፍጭ ዘይት የቆመ ነውና ወጥ ቤቱ አይቸገርም። ሐላል ሥጋ የሚፈልግም እንዲሁ ቀድሞ ይጠይቅ።

10. የመርከቡ ዋጋ ከከበደ በጀልባ ይሂዱ

የመኝታ መርከብ ውድ ነው። ገንዘቡ ካልበቃ ጉዞውን አይተዉት። ከጉዋሃቲ በመኪና ወይም በአውቶቡስ አራት አምስት ሰዓት ተጉዘው ኮሆራ ይደሩ፣ ፓርኩን በጂፕ ይዩ። ከዚያ ወደ ጆርሃት ከተማ ቀጥለው ከኒማቲ ወደብ ሕዝቡ በሚሳፈርበት ጀልባ ወደ ማጁሊ ይሻገሩ። ሰው፣ ሞተር ብስክሌትና ሸቀጥ በአንድነት ይጫናል። የሕይወት አድን ጃኬት ጠይቀው ይልበሱ፤ ከመጠን በላይ ከተጫነ ቀጣዩን ይጠብቁ። የመጨረሻው ጀልባ ሳይመሽ ስለሚነሣ ሰዓቱን ጠዋቱኑ ያረጋግጡ። ደሴቱ ላይ በቀርከሃ የተሠሩ ርካሽ ማረፊያዎች አሉ፤ ሁለት ሌሊት ይደሩ፣ ብስክሌት ይከራዩ።

በዚህ መንገድ የሚያጡት የመርከቡን ምቾትና የዶልፊኖቹን ረጅም ሰዓት ነው። ካዚራንጋን፣ ገዳማቱን፣ ሸማኔዎቹንና ሸክላ ሠሪዎቹን ግን አያጡም፤ የሚከፍሉትም በቀጥታ በደሴቱ ነዋሪዎች እጅ ይገባል። በመርከብም ይሁን በጀልባ ማጁሊን ማየት ለሚፈልግ ሰው የመጨረሻ ቃሌ አንድ ነው፦ ደሴቲቱ በየክረምቱ እየቀነሰች ነውና ዕቅድዎን ከዓመት ዓመት አያሸጋግሩት።